ወህኒ የወረዱት የክሪስታል ሊቅ

አማኑኤል ገበያ ጨው የሚሸምት ሰው ልብ አይለውም እንጂ፣ በእያንዳንዷ የጨው ፍሬ ውስጥ አቶሞች በመደዳ ተሰድረዋል። ይህን የማይታይ ሥርዓት ኤክስሬይ አሳልፎ፣ ጨረሩ ከተበተነበት አቅጣጫና ጥንካሬ ተነስቶ ማስላት የተጀመረው ከ1912 ወዲህ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሙያው ታላላቆች አንዷ ካትሊን ሎንስዴል ነበሩ።

ካትሊን በ1903 በአየርላንድ፣ ኒውብሪጅ ከተማ፣ የቤተሰቡ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በ1922 ለንደን ውስጥ በፊዚክስ ሲመረቁ ያመጡት ውጤት ያስደነቃቸው የኖቤል ተሸላሚው ዊሊያም ብራግ ወደ ምርምር ቡድናቸው ወሰዷቸው። በ1929 ደግሞ ኬሚስቶች ለአሥርት ዓመታት የተከራከሩበትን ጉዳይ በኤክስሬይ ቋጩት፤ ቤንዚን የሚባለው ውህድ (መኪና የምንሞላው አይደለም) ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቱ ጠፍጣፋ መሆኑን አሳዩ።

የሕግ ሰው ነኝና እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ 1943 ነው። እንግሊዝ በጦርነት ላይ ሳለች ካትሊን ለሲቪል መከላከያ አልመዘገብም አሉ። የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበሩ፤ ጦርነትን ሕሊናቸው አይቀበልም። ቢመዘገቡ ኖሮ የሦስት ልጆች እናት በመሆናቸው ከግዳጁ ነፃ ይደረጉ ነበር። ሁለት ፓውንድ ተቀጡ፤ እሱንም አልከፍልም ብለው ሆሎዌይ ወህኒ ቤት አንድ ወር ታሰሩ። ከወጡ በኋላ ስለራሳቸው አላማረሩም፤ ለእስረኞች አያያዝ መሻሻል ይሟገቱ ጀመር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ በተመሠረተ በ285 ዓመቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴቶች አባል አድርጎ ሲመርጥ አንዷ እሳቸው ሆኑ። በ1949 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፕሮፌሰር ተባሉ።

በ1967 በአሪዞና ከወደቀ ሜትዮራይት ውስጥ የተገኘ ማዕድን ሎንስዴላይት ተብሎ በስማቸው ተሰየመ። እርሳሳችን ውስጥ ያለው ግራፋይት በግጭቱ ከባድ ግፊት ተጨምቆ አልማዝ ሲሆን፣ አቶሞቹ ከተለመደው አልማዝ በተለየ መንገድ የተሰደሩበት ነው። ካርቦኑ ያው ነው፤ የተለወጠው አሰላለፉ ነው። ልዩነቱን የለየውም ያው ኤክስሬይ ነው። ካትሊን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ አረፉ።

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ሕሊናቸው ለውትድርና የማይፈቅድላቸው ሰዎች መኖራቸውን ያውቃል፤ በምትኩ የሚሰጡትን አገልግሎት የግዳጅ ሥራ አይለውም። ሕግን መጣስና ከሕግ መሸሽ ግን አንድ አይደሉም። ካትሊን ጥሰዋል እንጂ አልሸሹም፤ የጥሰታቸውን ዋጋ በአደባባይ ከፍለዋል። ሕግ አውጪም ሆነ ዳኛ እንዲህ ያለውን ሰው ከተራ ወንጀለኛ ለይቶ ማየት ይኖርበታል እላለሁ።