ልዑል ሩስፖሊና አገሩ የጠፋው ወፍ

ከዲላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ሀገረ ማርያም ይደርሳል፤ ይህች ከተማ ዛሬ ቡሌ ሆራ ትባላለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ ለሚዞር መንገደኛ የቡርጂ ምድር ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችን በዚህ መንገድ ወደ ቤተ ሰቦቻችን ስንመላለስ አድገናል። ሆኖም በቡርጂ አጠገብ በ27 ዓመቱ ዝሆን የገደለውን የአንድ ኢጣልያዊ ልዑል ታሪክ የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የሰውዬው ስም ግን ስለ ኢትዮጵያ ወፎች በተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ይገኛል። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን፤ ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት አለውና።

ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1866 በሩማንያ ተወለደ። እናቱ ከሩማንያ መሳፍንት ወገን ስትሆን፣ አባቱ ኢማኑኤሌ ሩስፖሊ የሮማ ከተማ ከንቲባ የነበረ ታላቅ ሰው ነው። እንግዲህ ወጣቱ ሀብትም ስምም አልጎደለውም። ዘመኑ ግን አውሮጳውያን አፍሪካን እንደ ቅርጫ ሥጋ የሚከፋፈሉበት ነበረ፤ ስም ለማትረፍ የሚሻ ወጣትም ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ወደሚታየው አገር ይጓዝ ነበር። ካርታው ላይ ባዶ ይሁን እንጂ አገሩ ሰው የሞላበት መሆኑን ለማሰብ ብዙዎቹ አልደከሙም።

ሩስፖሊ በ1891 ወደ ሶማሌ ምድር የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። በ1892 መጨረሻ ደግሞ ብዙ ሰውና ጓዝ ይዞ ከበርበራ ወደብ ተነሣ። ከጓደኞቹ አንዱ ዶሜኒኮ ሪቫ የሚባል የዕፀዋት ሊቅ ነበረ። ጉዞው የገናሌንና የዳዋን ወንዞች አገር ተከትሎ እስከ ቡርጂ ዘለቀ። በየሰፈሩበት ሪቫ ቅጠልና አበባ ያደርቃል፤ ወፍም፣ ነፍሳትም ይሰበሰባል፤ በዚያውም አደን ይታደናል። በዚያ ዘመን የዱር አራዊትን ማየት ማለት በጠመንጃ አፍ ማየት ነበረና፣ ትልቅ አውሬ ሳይጥል የተመለሰ መንገደኛ አፍሪካን አየሁ ለማለት ያፍር ነበር። የዝሆን ጥርስም እንደ ወርቅ የሚፈለግ ሸቀጥ ነበረ።

በኅዳር ወር 1886 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮጳውያን በ1893፣ ሩስፖሊ በቡርጂ አጠገብ ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው። የስብስቡ ዕቃ ግን ወደ ኢጣልያ ተወሰደ። በውስጡ አንድ የወፍ ቆዳ ተገኘ፤ ሰውነቱ አረንጓዴ፣ የራሱ ጉትያ ነጣ ያለ፣ ክንፉ ቀይ ነው። የቱሪን ቤተ መዘክር የወፍ ሊቅ ቶማሶ ሳልቫዶሪ ቆዳውን መርምሮ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀ የሶሪት ወገን መሆኑን ተረዳ፤ በ1896ም በሟቹ ስም የሩስፖሊ ሶሪት ብሎ ሰየመው። እንዲሁም አንድ የአበባ ወገንና አንድ የፌንጣ ወገን ሩስፖሊያ ተብለው በስሙ ተጠርተዋል።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበረ። ወፉ የት እንደ ተያዘ የሚነግር ጽሑፍ አልተገኘም። ከበርበራ እስከ ቡርጂ ካለው ሰፊ አገር በየትኛው ጫካ ይኑር፣ ያየው ሰው ሞቷልና መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ስለዚህ ወፉ ስም ኖሮት አገር ያጣ ሆነ። ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኮንስታንቲን ቤንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በቦረና በአሬሮ ደን አገኘው። ከዚያ ወዲህ በነገሌና በክብረ መንግሥት አካባቢም እንደሚኖር ታውቋል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወፉ የጠፋው ከማን ነው? በአሬሮ ጥድ ሥር ከብቱን ለሚያሰማራው ሰው አልጠፋበትም። ጧት ሲጮኽ ይሰማዋል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲበር የክንፉን ቅላት ያየዋል። የጠፋው ከመጻሕፍት ነው። የጻፈው አላወቀም፤ ያወቀው አልጻፈም። የሩስፖሊ ታሪክ በእኛ ዘንድ ትልቅ ቁም ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሩስፖሊን ለመውቀስ አልተነሣንም፤ የዘመኑ ልጅ ነበረ። በተማሪነታችን ግን እንዲህ እንላለን፤ መኖሪያው ያልታወቀ ፍጡር ሊጠበቅ አይችልም። ዛሬ የሩስፖሊን ሶሪት የሚያሰጋው የአዳኝ ጥይት ሳይሆን የደን ምንጣሮ ነው። ደኑ ሲሳሳ ጉንጨ ነጩ ሶሪት፣ ማለት በደጋችን የታወቀው ዘመዱ፣ ወደ ስፍራው ይገባል፤ ሁለቱም ይዳቀላሉ፤ የቀድሞውም ዘር እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ያወቅነው ተመራማሪዎች ዛፉን፣ ቀኑንና ስፍራውን እየመዘገቡ ስለ ጻፉልን ነው። ልዑሉን የገደለው የዝሆን ወገንስ? ዛሬ ዝሆን ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ጨበራ ጩርጩራ ወይም ወደ ባቢሌ ይጓዛል።

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውንና እንሰቱን ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ተክሎ፣ እርሻና ደን ባንድ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ለዓለም አሳይቷል። ዩኔስኮም በ2023 የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መዝገቡ ግን ባህር ማዶ ያለ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በየጓሮው ዛፍ ላይ የሚያርፈውን ወፍ በአባቶቻችን አጠራር መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ጠመንጃ አያስፈልገንም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃናል። ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ፤ ስሙን፣ የሚበላውን ፍሬ፣ ያየንበትን ቀበሌና ቀን እንጻፍ። ልዑል ሩስፖሊ ከነሀብቱና ከነጓዙ ያላስቀረልንን ያቺን አንዲት መስመር፣ ከእኛ መካከል ማንም ድኻ ተማሪ ሊጽፋት ይችላል።