የማይልስ ዴቪስ ትራምፔትና የ1957ቱ ሸክላ

ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ ኦልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥርስ ሐኪም ስለነበሩ ችግርን ሳያውቅ አደገ። በ1944 በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመማር ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ቻርሊ ፓርከር የምሽት መድረክ በማዘንበሉ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወው። ፍጥነትና ከፍተኛ ድምፅ የችሎታ መለኪያ በነበሩበት በዚያ ዘመን የእርሱ ትራምፔት ዝግ ያለና ቁጥብ ነበር። የሄሮይን ሱስም ብዙ ዓመታት በላበት። ከዚያ ተላቆ በ1955 ከኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ።

ኩባንያው በትልቅ ኦርኬስትራ የታጀበ ሸክላ ሲያስብ አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ ያ ዝግተኛ ድምፅ በ19 ሙዚቀኞች መካከል እንዴት ሳይዋጥ ይሰማል? መልሱን ያገኘው አቀናባሪው ጊል ኢቫንስ ነው። የነሐስ መሣሪያዎችን በጩኸት ከማሰለፍ ይልቅ ቱባን፣ ፍሬንች ሆርንንና ፍሉትን በለሆሳስ አዋሐደ፤ ዋናውን ዜማ ለዴቪስ ብቻ ተወለት። ዴቪስም ትራምፔቱን አስቀምጦ ድምፀ ለስላሳ የሆነውን ፍሉገልሆርን ያዘ።

ቀረጻው በግንቦት 1957 ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው በኩባንያው ስቱዲዮ ተካሄደ። 10ሩ ሥራዎች ያለ ዕረፍት ተያይዘው እንደ አንድ ድርሰት ቀረቡ። ጉድለት የታየባቸውን ክፍሎች ዴቪስ በነሐሴ ቴፑን እያዳመጠ ብቻውን ዳግመኛ ተጫወታቸው፤ የተለያዩ ቅጂዎችም ተቆርጠው ተቀጣጠሉ። ጃዝ የዚያችው ቅጽበት ፈጠራ ነው ለሚል ሰው ይህ ማጭበርበር ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ቴፑን መቀጠል ስሜትን አይፈጥርም፤ የተፈጠረውን ከተገቢው ቦታ ያኖረዋል እንጂ።

የዚህ ጥገና ዋጋ የታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ1987 ሸክላው በስቴሪዮ ሲታተም፣ የነሐሴው ሥራ በሞኖው ቴፕ ላይ ብቻ ስለነበረ፣ በአንዳንድ ቦታ ዴቪስ ያልመረጣቸው ቅጂዎች ገቡ። ሥራው ያው መስሎ ሌላ ሆነ። ሞኖው ዳግመኛ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢቫንስ በ1988፣ ዴቪስ በ1991 ዐረፉ። ሁለቱ በዚያ ሸክላ ያስመሰከሩት፣ ትልቅ ማኅበር አንዱን ዝግተኛ ድምፅ ሳይውጥ ሊሸከመው እንደሚችል ነው።