ዶክተር ዮሃነስ ሃይደንሃይን እና በማሽን ውስጥ ያለው የመስታወት መለኪያ

ጀርመናዊው ዶክተር ዮሃነስ ሃይደንሃይን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። አባታቸው በ1889 በበርሊን ያቋቋሙት ድርጅት በብረት ላይ ምልክቶችንና የመለኪያ መስመሮችን ይቀርጽ ነበር። ልጃቸው በ1923 ሥራውን ተቀላቀሉ፤ በ1928ም ድርጅቱ ጥቃቅን መስመሮችን ሳያዛባ የሚቀዳ ሜታሉር የተባለ ዘዴ ፈለሰፈ። የበርሊኑ ሥራ በጦርነቱ ወድሞ በ1948 በባቫሪያዋ ትራውንሮይት ከተማ እንደገና ጀመሩ። በ1950 መስመሮቹን በክሮም በመስታወት ላይ ማስፈር ተቻለ፤ በ1952 ደግሞ ድርጅቱ በብርሃን የሚያነብ መለኪያ ለማሽኖች አቀረበ።

ችግሩ የመለኪያው ማደሪያ ነበር። ስስ የወርቅ ሚዛን ከነፋስ በመስታወት ይከለላል። በቶርኖና በሚሊንግ ማሽን ውስጥ ያለው መለኪያ ግን የብረት ብናኝና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በሚረጭበት ስፍራ ይውላል። ስለዚህ በአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ክፍተቱን የጎማ ከንፈሮች ይዘጉታል፤ ቆሻሻ እንዳይገባም ከውስጥ በኩል በጥቂት ግፊት ንጹሕ አየር ይነፋበታል። አየሩ ካልተጣራ ግን ከኮምፕረሰሩ የሚመጣው ዘይትና እርጥበት ራሱ መስታወቱን ያጠቁረዋል። ያን ጊዜ ማሽኑ የቆመበትን ስፍራ በትክክል ማንበብ ያቅተዋል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን የሚያየው ውድ ብረት ከተበላሸ በኋላ ነው። ማጣሪያውን በወቅቱ መለወጥ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ዶክተሩ በ1970 ድርጅቱን ለበጎ አድራጎት ተቋም አስተላልፈው በ1980 አረፉ።