ዳግማዊ ምኒልክና የስልክ ሽቦ

እኛ በየካ በኩል ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የምንማር የዘንድሮ ተመራቂዎች፥ ስልክና ኮምፒዩተር ወደ አገራችን የገቡበትን መንገድ ስንመረምር፥ መነሻው በዚሁ ተራራ ላይ ዘውድ ከደፉት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ፤ በኋላም መናገሻቸውን በእንጦጦ አደረጉ። ተራራው ግን ብርድ የበዛበትና ማገዶ የጠፋበት ስለ ሆነ፥ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል አደረጉ።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ አሠራሩን ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። በ1871 ዓ.ም. የመጣው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በዚህ ረገድ ብዙ አገልግሏቸዋል። በዘመናቸው ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር ተዘረጋ። እንጨቱን ምስጥ ይበላው፥ ሽቦውንም ሰው ለጌጥ ይቆርጠው ነበር። የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙም እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ምኒልክ ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም።

ሆኖም መሣሪያን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ አውቆ መሥራት ሌላ ነው። ሽቦውም፥ መሣሪያውም፥ መሐንዲሱም ከውጭ የመጡ ነበሩ። ምኒልክም ይህን ስላወቁ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቆሙ። ብዙም ሳይቆዩ በጽኑ ሕመም ተይዘው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስልክ ከኮምፒዩተር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ትራንዚስተር የተገኘው በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት፥ በቤል ላብራቶሪ ነው። ዛሬ ጥፍር በምታህል የሲሊከን ቁራጭ ላይ ብዙ ቢሊዮን ትራንዚስተሮች ይሰፍራሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተተኮሰችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት መቆጣጠሪያዋ እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ከቻይናውያን ጋርም የአገራችን መሐንዲሶች በሥራው ተካፍለዋል።

እንግዲህ ምኒልክ የጀመሩት ሥራ እኩሌታው ተፈጽሟል፤ መሣሪያው ገብቷል። የቀረው፥ ይኸውም የቺፑን ንድፍ ራስ አውጥቶ መሥራት፥ ሒሳብንና ፊዚክስን ጠንቅቆ የሚያውቅ ትውልድ ይጠይቃል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ከእኛ የሚጠብቁት ይህን ነውና፥ ገዝተን በመጠቀም ብቻ ልንረካ አይገባንም።