አደራ ያልበላው ውኃ፤ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለ አንድ ታላቅ አባት ሕይወት ነው። በምዕራብ ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ስማቸውን ያልሰማ አይገኝም። በየዓመቱ ጥር 13 ቀን ሕዝቡ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ግሽ ዓባይ የሚጎርፈው በእኒህ አባት ስም ነው። ስማቸውም አቡነ ዘርዐ ብሩክ ይባላል። እኔ ታሪካቸውን ከልጅነቴ ጀምሬ ብሰማውም ልብ ያልሁት አንድ በደል ከሠራሁ በኋላ ነበርና፥ አስቀድሜ በደሌን መናገር ይገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም ወር አንድ ጓደኛዬ ያለፈውን ዓመት የባዮሎጂ ትምህርት የጻፈበትን ደብተር አዋሰኝ። ደብተሩ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ፥ ሥዕሉም በቀለም እርሳስ የተነደፈ ስለ ነበረ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። ሲሰጠኝም አደራ ብሎ ነው የሰጠኝ። እኔ ግን ደብተሩን በብብቴ ሥር ሸጉጬ፥ ውኃው ገና ያልጎደለውን የላህን ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥሁ ስሻገር እግሬ አዳለጠኝና ደብተሩን ውኃ ወሰደው። ይህስ ድንገተኛ ነገር ነበር፤ በደሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ደብተሩን ሲጠይቀኝ በዕረፍት ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ እንዳኖርሁለት ነገርሁት። እርሱም አመነኝ። እኔን በማመኑም አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ ጠረጠረ። ሁለቱ ተኳረፉ፤ ያ ምስኪን ልጅም በክፍላችን ውስጥ የሌባ ስም ወጣለት። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ እስከ ጥር ወር ድረስ ዝም አልሁ።

በጥር ወር አያቴ ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ የተሳሉት ስለት ስለ ነበረባቸው ስንቃቸውን የምሸከም እኔ ሆንሁና አብረን ተነሣን። ከፍኖተ ሰላም በመኪና ተሳፍረን በማንኩሳ በኩል ቡሬ ደረስን። ከቡሬ ወደ ቲሊሊ፥ ከቲሊሊም ወደ ቀኝ ታጥፈን የሰከላን ዳገት ያዝን። በቆሎውና በርበሬው ከኋላችን ቀርቶ የገብስና የድንች አገር መጣ፤ ብርዱም በረታ። አያቴ በጉዞው ሁሉ የጻድቁን ሕይወት ይተርኩልኝ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ገድሉ በተነበበ ቁጥር እየሰሙ በቃላቸው ይዘውታል። እኔም ከእርሳቸውና በስፍራው ካሉት ካህናት የሰማሁትን በአጭሩ እጽፋለሁ።

የአቡነ ዘርዐ ብሩክ አባታቸው ደመ ክርስቶስ፥ እናታቸው ማርያም ሞገሳ ይባሉ ነበር። ልደታቸውም ነሐሴ 27 ቀን ይታሰባል። ገድላቸው እንደሚተርከው ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳሉ የዚህን ዓለም ክፋት እንዳያዩ ዓይናቸው እንዲጠፋ ወደ ፈጣሪያቸው ለመኑ። ልመናቸውም ተሰምቶ ብርሃናቸው ጠፋ። የ12 ዓመት ልጅ ሲሆኑ ግን ዓይናቸው እንደ ገና በራላቸው። አያቴ ይህን ሲተርኩ፥ ሕፃኑ ብርሃኑን ያጣው ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥቶ ነውና መልሶ አገኘው አሉኝ። አደራ የሚለውን ቃል ስሰማ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ከዚያ በኋላ ዘርዐ ብሩክ መንኵሰው በጾምና በጸሎት ተወሰኑ፤ በዓባይ ምንጭ አጠገብም ኖሩ። ሀብታቸው ሁልጊዜ የሚጸልዩባቸው 7 መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ስንት የፍየል ወይም የበግ ቆዳ መፋቅ፥ ቀለሙንም መበጥበጥና ብርዑን መቅረጽ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው የእነዚያ 7 መጻሕፍት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ይረዳል።

ከዕለታት አንድ ቀን የገዥ ወታደሮች ጻድቁን ሊይዟቸው መጡ። እርሳቸው አልሸሹም፤ ስለ ራሳቸውም አልተከራከሩም። ያሰቡት ስለ መጻሕፍቱ ነበር። የሚሰጡት ወዳጅ በአጠገባቸው ስላልነበረ፥ 7ቱንም መጻሕፍት ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጥተው ወደ እስር ቤት ሄዱ። በእስር ቤትም ዓመታት አለፉ። ከእስራት ተፈትተው ሲመለሱ ወደ ምንጩ ቀርበው አደራቸውን ጠየቁ። ውኃውም መጻሕፍቱን አንድ በአንድ መለሰላቸው። ብራናው አልራሰም፤ ቀለሙም አልፈሰሰም፤ እንዲያውም አቧራ ነበረበት ይላሉ። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ግሽ የሚለው ስም የመጣው፥ ጻድቁ ዓባይን የዋጠውን እንዲያገሣ፥ ማለትም እንዲተፋ ካዘዙበት ቃል ነው። ዕረፍታቸውም ጥር 13 ቀን ስለሚታሰብ በዚያ ዕለት ታላቅ በዓል ይከበራል።

በበዓሉ ዋዜማ ግሽ ዓባይ ደረስን። ጠበሉ የሚፈልቀው ከግሽ ተራራ ሥር ነው። ምንጩ ትንሽ ነው፤ ካላወቁት በቀር የዚያ ሁሉ ወንዝ መነሻ ነው ብሎ የሚያምን አይገኝም። ውኃው ከዚህ ተነሥቶ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል፤ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ ጎጃምን እንደ መቀነት ይከባል፤ ከዚያም ሱዳን ወርዶ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ይገናኛል። አባቶች በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው ግዮን ይህ ነው ይላሉ። የውጭ አገር ሰዎችም ብዙ ደክመው ፈልገውታል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓኝ ካህን ከአፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ በ1610 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1618) አይቶታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1770) በስፍራው ተገኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን የአገው ሰዎች በምንጩ ዘንድ ከብት እያረዱ መሥዋዕት ያቀርቡ እንደ ነበረ ሁለቱም ጽፈዋል። እንግዲህ ስፍራው ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም።

የመጽሐፍና የአደራ ነገር በቤተ ክርስቲያን አሠራር ውስጥ እንኳ እንደሚታይ ያስተማሩን አንድ መሪጌታ ነበሩ። በአገራችን በጎጃም የተለመደው ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ በ3 ክፍል የተከፈለ ነው። የውጭው ቅኔ ማኅሌት ይባላል፤ ደብተሮች ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚዘምሩበት ነው። መካከለኛው ቅድስት ይባላል፤ ምእመናን የሚቆርቡበት ነው። የውስጠኛው መቅደስ ሲሆን ታቦቱ የሚያድርበት ነው፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባበትም። የመቅደሱ ግድግዳም ከውጭ በኩል በሥዕል ይሸፈናል፤ ፊደል የማያውቅ ሰው የቅዱሳንን ታሪክ የሚያነበው ከዚያ ነው። መሪጌታ እንዳስረዱን፥ ሕንጻው በክብ ላይ ክብ ሆኖ የተሠራው የከበረውን ነገር በውስጥ ለመጠበቅ ነው፤ ሰውም አደራን የሚያኖረው እንደዚሁ በልቡ መቅደስ ነው።

በማግሥቱ ሌሊት ከሕዝቡ ጋራ ተሰልፈን ወደ ጠበሉ ስንቀርብ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ብርዱ ነው እንዳልል፥ ነጠላ ብቻ የለበሱ ሽማግሌዎች ከፊቴ ቆመው አልተንቀጠቀጡም። ነፍስ የሌለው ውኃ ስንት ዓመት የጠበቀውን አደራ እኔ ነፍስ ያለሁ አንድ ሳምንት አልጠበቅሁትም ነበር። የበላሁት ግን ደብተሩን ብቻ አልነበረም፤ የሌላውን ልጅ ስምም በልቻለሁ። ከሰልፉ ወጥቼ ለአያቴ ሁሉን ነገርኋቸው። ይቈጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቈጡም። ደብተሩን የወሰደው የላህ ውኃ ምንም በደል እንደሌለበት፥ ውኃው የወሰደውን ሊመልስ ባይችል እኔ ያጠፋሁትን ስም ልመልስ እንደምችል በለሰለሰ ቃል ነገሩኝ። ስለታቸውንም ካስገቡ በኋላ ወደ ቤታችን ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ልጆች በአንድነት ጠርቼ፥ ከዚያም በክፍሉ ሁሉ ፊት እውነቱን ተናገርሁ። የተናገርሁት ከባድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ዝምታ ግን ይበልጥ ከብዶኝ ነበር። የባዮሎጂ መምህራችንና ሌሎች ተማሪዎች ያላቸውን ማስታወሻ አዋሱኝ። እኔም ማታ ማታ በኩራዝና በአምፑል ብርሃን፥ ሥዕሉን ሳይቀር፥ ደብተሩን እንደ ገና ጻፍሁት። እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ፈጀብኝ። ያን ጊዜ ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ ይጽፉ የነበሩት አባቶች ምን ያህል እንደ ደከሙ በጥቂቱ ገባኝ። ደብተሩን ለባለቤቱ ስሰጥ ተቀብሎ ሳመኝ። በከንቱ የታማው ልጅ ግን እጄን ቢጨብጠኝም እስከ ዛሬ አጠገቤ አይቀመጥም። እርሱን መውቀስ አይገባኝም፤ ዓባይም መጻሕፍቱን የመለሰው ከዓመታት በኋላ ነውና እጠብቃለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ የአቡነ ዘርዐ ብሩክን በዓል የምታከብሩ ሁሉ ከጠበሉ ጋራ አደራቸውን አስታውሱ። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ መልሱ፤ መመለስ ካልቻላችሁም እውነቱን ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። አንድ ቀን የዘገየ እውነት የሰው ስም ይዞ ይሄዳልና።