ማዕድን ቆፋሪው እንደራሴ ጄምስ ኪር ሃርዲ

የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ ታሪክ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ የሚጠራው ጄምስ ኪር ሃርዲ በ1856 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ፣ ላናርክሽር በተባለው የከሰል አውራጃ ተወለደ። እናቱ ሜሪ ኪር የቤት ሠራተኛ፣ የእንጀራ አባቱ ዴቪድ ሃርዲ ደግሞ የመርከብ አናጢ ነበሩ። ሥራ በጠፋ ቁጥር ቤተሰቡ ይራብ ነበር። ልጁም በሰባት ዓመቱ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። በአሥር ዓመቱ ገደማ በግላስጎ ከተማ በአንድ ዳቦ ቤት ሲሠራ፣ የታመመ ወንድሙን ሲያስታምም አድሮ ስላረፈደ የሳምንት ደመወዙ ተይዞበት ተባረረ። በዚያን ጊዜ በቤቱ ደመወዝ የሚያገኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ጌታው በሃይማኖተኛነቱ የሚከበር ሰው መሆኑ ቁስሉን ይበልጥ አመረቀዘው፤ ሃርዲ ይህን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም።

ከዚያም ከሰል ጉድጓድ ወረደ። የመጀመሪያ ሥራው በምድር ውስጥ ያለውን የአየር በር መክፈትና መዝጋት ሲሆን፣ ይህም ሕፃን ልጅ ብቻውን በጨለማ ተቀምጦ የሚውልበት ሥራ ነው። ማንበብን ከእናቱ፣ መጻፍን ከማታ ትምህርት ቤት ተማረ፤ አጭር ጽሕፈትንም በመብራቱ ጢስ ባጠቆረው ድንጋይ ላይ በመርፌ እየጫረ ተለማመደ። በሃያዎቹ ዕድሜው የሥራ ጓደኞቹ ቃል አቀባያቸው ቢያደርጉት፣ አሠሪዎቹ በአውራጃው ጉድጓዶች ሁሉ ሥራ ከለከሉት። በመሆኑም ወደ ኤርሽር ተሻግሮ በጋዜጣ ጸሐፊነት ይተዳደር ጀመር፤ በ1886 የዚያ አውራጃ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሆነ።

የማኅበራት መሪዎች በዚያ ዘመን ሊበራል ፓርቲን ተጠግተው መኖርን ይመርጡ ነበር፤ ሃርዲም ራሱ ሊበራል ነበር። በ1888 በመካከለኛው ላናርክ ምርጫ ሲደረግ ግን ፓርቲው እርሱን ትቶ አንድ ወጣት ጠበቃ አቀረበ። ሃርዲ በግሉ ተወዳደረ። ራሱን ቢያገል በዓመት 300 ፓውንድና ወደፊት የማይናወጥ ወንበር እንደሚያገኝ ተስፋ ቢሰጡት እምቢ አለ። ያገኘው ድምፅ 617 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር የስኮትላንድ ሠራተኞች ፓርቲን መሠረተ።

በ1892 ከለንደን ዳርቻ ከዌስት ሃም ደቡብ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። ሌሎቹ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ሲደፉ እርሱ የሠራተኛ ቆብ አድርጎ ቢመጣ፣ ጋዜጦች ከንግግሩ ይልቅ ስለ ቆቡ ብዙ ጻፉ። በጥር 1893 በብራድፎርድ ነፃ የሠራተኛ ፓርቲ ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ሆነ።

የሰኔ 1894 ሁኔታ ግን ሰውየውን ከቆቡ ይልቅ ያሳያል። በዌልስ፣ በአልቢዮን ጉድጓድ ፍንዳታ ተነሥቶ 290 ወንዶችና ልጆች ሞቱ። በዚያው ዕለት ኋላ ኤድዋርድ ስምንተኛ የተባለው ልዑል ተወለደ። ምክር ቤቱ ለተገደለው የፈረንሣይ ፕሬዚዳንት ኀዘኑን ገልጦ፣ ለንጉሣዊው ቤተሰብም የደስታ መልእክት ሊልክ ሲዘጋጅ፣ ሃርዲ ለሟቾቹ ቤተሰቦች የማጽናኛ ቃል እንዲጨመርበት ጠየቀ። ጥያቄው ሳይፈጸምለት በመቅረቱ በጩኸት መካከል ብቻውን ቆሞ መልእክቱን ተቃወመ። በ1895 ወንበሩን አጣ።

በ1900 የሠራተኛ ውክልና ኮሚቴ እንዲቋቋም ከመሩት አንዱ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከዌልሷ መርተር ተመረጠ። በቀጣዩ ዓመት የጌቶች ምክር ቤት በታፍ ቬል ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ አንድ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ስለ ሥራ ማቆም 23,000 ፓውንድ እንዲከፍል ሆነ። ያመነቱ የነበሩ ማኅበራት ወደ ኮሚቴው የጎረፉት ይህን ጊዜ ነው። በ1906 ሃያ ዘጠኝ እንደራሴዎች ገቡ፤ ሃርዲም በአንድ ድምፅ ብልጫ መሪያቸው ሆነ። ነገር ግን እውነቱ ሲነገር ከመሪነት ይልቅ ተቃዋሚነት ይስማማው ነበር። የሴቶች የመምረጥ መብት ጉዳይ ከፓርቲው ጋር እስከ መጣላት አድርሶት በ1908 ሥልጣኑን ለቀቀ።

ጦርነት እንዳይነሣ የየአገሩ ሠራተኞች በአንድነት ሥራ እንዲያቆሙ ለዓመታት ሲወተውት ኖረ። በነሐሴ 1914 ጦርነቱ ሲጀመር በአበርዴር የጠራው ስብሰባ በራሱ መራጮች ጩኸትና መዝሙር ተበተነ። ከዚያ በኋላ ጤናው ተቃወሰ፤ መስከረም 26 ቀን 1915 በግላስጎ በ59 ዓመቱ አረፈ። በኅዳር ወር ለባዶው ወንበር በተደረገው ምርጫ፣ ጦርነቱን አጥብቆ ይደግፍ የነበረውና ከአበርዴሩ ሁከት መሪዎች አንዱ የሆነው ቻርልስ ስታንተን የፓርቲውን ዕጩ በብዙ ድምፅ አሸነፈ።