የ800 ሜትሩ ማሞ ወልዴ

ማሞ ወልዴ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሜክሲኮን ነው። አበበ ቢቂላ በጉዳት አቋርጦ ሲወጣ አደራውን የተረከበው፣ ወርቁንም ያመጣው ማሞ ነው። ይሄው ሰው ከዚያ 12 ዓመት በፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበር ቢባል ግን ስንቱ ያምናል?

ነበር። እ.ኤ.አ በ1932 ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ድሬ ጅሌ የተወለደው ማሞ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ኮሪያ ዘመተ። በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ደግሞ በ800፣ በ1500 ሜትርና በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ተሰለፈ። በሦስቱም ከማጣሪያው አላለፈም።

በኳስ ቋንቋ፣ በመስመር አጥቂነት ያልተሳካለት ልጅ በኋላ የዓለም ምርጥ አማካይ ሆነ እንደማለት ነው። ጡንቻችን ውስጥ በዋናነት ሁለት ዓይነት ክር አለ። አንዱ ቶሎ ይኮማተራል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ቶሎም ይደክማል። ሌላው ዝግ ያለ ነው፤ ኦክስጅን እየተጠቀመ ለሰዓታት ይሰራል። የሁለቱ ድርሻ ከሰው ሰው ይለያያል። በመንትዮች ላይ የተሰሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከልዩነቱ ግማሽ የሚጠጋው በዘር የሚመጣ ነው። ልምምድ ፈጣኑን ክር ድካም እንዲችል ያደርገዋል እንጂ እንዳለ ወደ ሌላው አይለውጠውም። የማሞ እግርም ሜልቦርን ላይ ያለቦታው የተሰለፈ ሳይሆን አይቀርም።

ዘር መኖሩማ አይካድም። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ሲያሸንፍ የማሞ ወንድም ደምሴ ወልዴ በማራቶን 10ኛ ወጥቷል። ማሞ ራሱ በ10 ሺህ ሜትር 4ኛ ቢሆንም ማራቶኑን አቋርጦ ነው የወጣው። አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ያን ቀን የጨረሰው ግን ደምሴ ነው።

ፈረንጆቹ የኛን ሯጮች ድል ሁሉ ለተፈጥሮ መስጠት ይወዳሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሲቲኤን 3 የተባለውን፣ ከፈጣኑ ክር ጋር የተያያዘውን ጂን በታዋቂ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮችና በተራው ሕዝብ መካከል አወዳድረው በ2007 ውጤቱን ሲያወጡ ልዩነት አላገኙም። ቀደም ሲል ባደረጉት ጥናት ያገኙት ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ የመጡ፣ ልጅ ሆነው ሩቅ ትምህርት ቤት በሩጫ የሚመላለሱ ነበሩ። ደጋው ብቻ ይበቃል እንዳይባል ደግሞ ጎጃም ውስጥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ሲኬድ የምትገኘው አማኑኤልም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በሩጫ ስሟ የናኘው ግን በቆጂ ነች።

ማሞ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ነው ርቀቱን ያገኘው። ሜክሲኮ ሲገባ 36 ዓመቱ ነበር። በ10 ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር ወሰደ። በሳምንቱ ማራቶኑን በ2፡20፡26 ጨርሶ ጃፓናዊውን ኪሚሃራን ከ3 ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። ከባህር ወለል 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአንድ ሳምንት ድካም በኋላ!

ይበቃው ነበር። ግን በ40 ዓመቱ ሙኒክ ሄደ። ፍራንክ ሾርተርና ካረል ሊስሞንት ቀደሙት እንጂ 2፡15፡08 ሮጦ ነሐስ አጥልቋል። ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ፈጣኑ ክር ነው፤ ማሞን እስከ መጨረሻ የተሸከመው ያ ዝግተኛው ይመስላል።

የኋላው ኑሮው አልሆነለትም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀይ ሽብር ተከሶ፣ ክሱን ቢክድም፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ስድስት ዓመት ሲፈረድበት ቅጣቱን ከጨረሰ ቆይቶ ስለነበር ተፈታ። የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት ሜይ 26 በ69 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው፤ አበበም እዚያው ነው ያለው።